የሦስት ቀን የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና፦ ሁለተኛው ቀን ከሰዓት

ይህን ሥልጠና ለመውሰድ የምታስቡ ካላችሁ ያየሁትን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ቀን ስለ ትንፋሽና ስለ ልብ ምት ነው፤ ደህና ነው፣ ሌላም ቦታ ይገኛል። እኔን የያዘኝ ሁለተኛው ቀን ነው።

አሰልጣኛችን ለዓመታት ጦር ሜዳ ላይ ቁስለኛ ሲያክሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ከምሳ ስንመለስ ስምንት ሰው ወለሉ ላይ አስተኝተው፣ ለአራቱ ክንዳቸው ላይ ቀይ ጨርቅ አስረውላቸው ጠበቁን። «ቀይ ያሰሩት ጠላቶቻችሁ ናቸው። ጀምሩ» አሉ። እኔ በቀጥታ የሮጥኩት እጁን ወደተመታው የራሳችን ሰው ነበር። ፋሻውን ጠቅልዬ ቀና ስል አሰልጣኙ አጠገቤ ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ። ሁለት እርምጃ አለፍ ብሎ ቀይ ጨርቅ ያሰረ ልጅ ተኝቷል፤ ደረቱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት «ጭን፤ ደሙ ይፈናጠራል» ይላል። «አራት ደቂቃ። ይሄ ልጅ ሞቷል» አሉኝ። አልተቆጡም። እኔ ግን ወረቀቱን አንብቤው ነበር። ጨርቁን አይቼ ነው ያለፍኩት።

ከዚያ ተቀመጥንና አሰልጣኙ ታሪኩን ነገሩን። እ.ኤ.አ. በ1859 ጣሊያን ውስጥ ከተካሄደው የሶልፌሪኖ ውጊያ በኋላ በአቅራቢያው ያለችው የካስቲሊዮኔ ከተማ ሴቶች የሁለቱንም ወገን ቁስለኞች «ሁሉም ወንድማማች ናቸው» እያሉ ሲያስታምሙ የጄኔቫው ነጋዴ አንሪ ዱናን አብሯቸው ነበር፤ በ1864 የጦር ሜዳ ቁስለኞችን ለመጠበቅ የመጀመሪያው የጄኔቫ ስምምነት የተፈረመው ከእሱ ውትወታ በኋላ ነው። የ1949ኙ ስምምነት አንቀጽ 12 ደግሞ ማን ቀድሞ ይታከም የሚለውን የሚወስነው የሕክምናው አጣዳፊነት ብቻ እንደሆነ ይደነግጋል። አሰልጣኙ አንቀጹን በቃላቸው ነው የሚያውቁት። ግን የነገሩን በአንቀጽ አልነበረም።

አንድ ቀን ጭኑን የተመታ የጠላት ወታደር ያመጡላቸዋል፤ በዕድሜ ገና ልጅ። ሲጠጉት ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሊገድሉት መስሎታል። እጃቸውን ዘርግተው ፋሻውን አሳዩት። ከኋላ አንድ የራሳቸው ወታደር «እኔ እያለሁ ለሱ?» ብሎ ጮኸ። «ቆይ ወንድሜ፣ ያንተ ደም ቆሟል» አሉት፤ ሥራቸውን ቀጠሉ።

ቱርኒኬት (ደም ለማቆም እጅ ወይም እግር ላይ በዘንግ እየጠበቀ የሚታሰር ማሰሪያ) የማሰር ልምምዱም በዚሁ ታሪክ ላይ ነው የተሠራው። ከቁስሉ በላይ አምስት፣ ስድስት ሳንቲሜትር ከፍ አድርጎ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ ደሙ እስኪቆም ዘንጉን አዙሮ ማጥበቅ፤ ሰዓቱን መጻፍ። በጣም ያማል፣ እኔም ታስሮብኝ አይቻለሁ። ለተማረከ ሰው ያ ሕመም ማሰቃየት ነው የሚመስለው። ስለዚህ «ከማጥበቅህ በፊት ዓይኑን እየው፣ አንድ እጅህን ትከሻው ላይ አድርግ» ይላሉ። ይህን በሌላ ሥልጠና አልሰማሁም።

ቅሬታም አለኝ። ለሃያ ሰው የመለማመጃ ቱርኒኬቱ አራት ብቻ ነበር፣ ብዙ ሰዓት በወረፋ አለቀ። ሦስተኛው ቀን ስለ ቃጠሎና ስብራት ተጣድፎ ነው ያለፈው፤ ቢያንስ ግማሽ ቀን ይጨመርበት።

ማምሻውን ልምምዱን እንድደግመው ጠየቅኩ፤ ፈቀዱልኝ። ያንኑ ልጅ፣ ያንኑ ቀይ ጨርቅ አስረው አስተኙልኝ። አርባ ሰከንድ ፈጀብኝ። የምትመዘገቡ ከሆነ ሁለተኛውን ቀን ከሰዓት እንዳትቀሩ።