ዝግጁ ድሮን ወይስ ራስ የሚገጣጥሙት?

እ.ኤ.አ. በ2013 የቻይናው ኩባንያ ዲጄአይ ፋንተም የተባለውን ዝግጁ ድሮን ገበያ ላይ ሲያወጣ ነገሩ ተለወጠ። ቀድሞ ብዙው ሰው ሞተሩን፣ ባትሪውን፣ መቆጣጠሪያ ሰሌዳውን ለየብቻ ገዝቶ፣ ሽቦ በይዶ ነበር የሚያበረው።

ዝግጁው ቀላል ነው። ባትሪውን ቻርጅ አድርጎ ማስነሳት ነው። እጅዎን ከመቆጣጠሪያው ቢያነሱ እንኳ በጂፒኤስ እየታገዘ አየር ላይ ባለበት ይቆማል። ሲግናል ቢቋረጥ ወደተነሳበት ይመለሳል። የዲጄአይ ትንሹ ድሮን ማቪክ ሚኒ 249 ግራም ብቻ መሆኑም እንዲሁ የመጣ አይደለም፤ እንደ አሜሪካ ባሉ አገሮች ለመዝናኛ ለሚያበር ሰው የምዝገባ ግዴታ የሚጀምረው ከ250 ግራም ነው።

በራስ የተገጣጠመው ልዩነቱ የሚታየው ሲወድቅ ነው። (መውደቁ አይቀርም!) የተሰበረውን ክንድ ብቻ ነቅሎ መቀየር ይቻላል። የዝግጁው ካሜራ ከተጎዳ ግን ጥገናው ኪስ ያራቁታል። ፍጥነትና መገለባበጥ ለሚወድ በራስ የተገጣጠመው ይሻላል። ለፎቶ ከሆነ ግን እኔ በበኩሌ ብየዳ ውስጥ አልገባም።