መስታወት ሳያንቀሳቅስ የሚለካው ባለ ሁለት ሌዘር መሣሪያ፦ ግምገማ

በቁሶች ውስጥ በፒኮ ሰከንድ (በሰከንድ ትሪሊዮንኛ ክፍል) የሚካሄደውን ለውጥ ለማየት አንድ የሌዘር ምት ናሙናውን ይቀሰቅሳል፤ ሁለተኛው ዘግይቶ ደርሶ የተፈጠረውን ለውጥ ይመረምራል። አህመድ ዘዌል በ1999 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለሙበት ምርምርም የተመሠረተው በዚሁ ስልት ላይ ነው። መዘግየቱን የሚፈጥረው አብዛኛውን ጊዜ በሐዲድ ላይ የሚንሸራተት መስታወት ነው። ብርሃኑ ደርሶ መልስ ስለሚጓዝ 1 ናኖ ሰከንድ (1,000 ፒኮ ሰከንድ) ለማዘግየት መስታወቱ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል መንቀሳቀስ አለበት፤ በዚህ መካከል ጨረሩ የሚያርፍበት ነጥብ ጥቂት እንኳ ቢሸሽ፣ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ኩርባ የናሙናው ይሁን የመስታወቱ ለመለየት ያስቸግራል።

እዚህ የምገመግመው መሣሪያ ይህን ሐዲድ ጨርሶ አስወግዶታል። ሁለቱ ሌዘሮች በሰከንድ 1 ቢሊዮን ያህል ምት ይሰጣሉ፤ ድግግሞሻቸው ግን ሆን ተብሎ በ10 ኪሎ ኸርዝ እንዲለያይ ተደርጓል። በዚህ ልዩነት የተነሳ በእያንዳንዱ ጥንድ ምት መካከል ያለው መዘግየት ካለፈው ጥንድ በ10 ፌምቶ ሰከንድ (በፒኮ ሰከንድ መቶኛ) ይጨምራል፣ በ100 ማይክሮ ሰከንድም ሙሉው 1 ናኖ ሰከንድ ተዳስሶ ያልቃል። በሰከንድ 10,000 ኩርባ ይሰበሰባል ማለት ነው።

ጥቅሙ በ100 ናኖ ሜትር የወርቅ ስስ ሽፋን ላይ ጎልቶ ይታያል። መጀመሪያ የኤሌክትሮኖቹ መሞቅ የፈጠረው ስለታም ዝላይ ይመጣል፣ በጥቂት ፒኮ ሰከንድም ይረግባል። ከዚያ በኋላ በ62 ፒኮ ሰከንድ ገደማ የሚደጋገም፣ ከዝላዩ እጅግ ያነሰ ሞገድ ይከተላል፤ ይህ በሽፋኑ ውስጥ የሚመላለሰው ድምፅ ነው፣ የሽፋኑም ውፍረት ከእሱ ይሰላል። ይህን የመሰለ ደካማ ምልክት ከጫጫታው ለይቶ ማውጣት የተቻለው ኩርባዎቹ በፍጥነት ተደምረው ስለሚካፈሉ ነው፤ በእኔ እምነት ለመሣሪያው የሚከፈለውን ዋጋ የሚያካክሰውም ይኸው ነው።

ለሁሉም ሥራ ግን አይሆንም። የሚፈለገው ሂደት በ5 ፒኮ ሰከንድ የሚያልቅ ከሆነ ከልኬቱ ጊዜ አብዛኛው ባዶ ይሄዳል፤ ጠባብ የጊዜ መስኮት ብቻ ወዲያና ወዲህ የሚዳስስ አሠራር የተጨመረበትን መምረጥ ይሻላል። አማካይ ኃይሉ 1 ዋት ቢሆን እንኳ አንዱ ምት የሚይዘው 1 ናኖ ጁል ብቻ ስለሆነ ብርቱ ቅስቀሳ ለሚፈልግ ናሙና አይበቃም። ከ1 ናኖ ሰከንድ በላይ ቆይቶ የሚያገግም ናሙናም ሳያርፍ ቀጣዩ ምት ይደርስበታል፣ ሙቀትም ይከማችበታል። ክስተቱ ብርሃኑን ለሚለካው ዲቴክተር በ100,000 እጥፍ ቀስ ብሎ ስለሚታይ፣ 100 ፌምቶ ሰከንድን ለመለየት በእውነተኛው ጊዜ 10 ናኖ ሰከንድን የሚለይ ዲቴክተር ያስፈልጋል።

ገዢው ሻጩን አጥብቆ ሊጠይቅ የሚገባው በሁለቱ ሌዘሮች መካከል ስላለው የጊዜ መዋዠቅ ነው። መዋዠቁ ሁለቱ ምቶች ከሚገጣጠሙበት መነሻ በተራቀ ቁጥር ስለሚያድግ፣ በመነሻው አካባቢ ብቻ ተለክቶ የቀረበ ቁጥር ስለ መስኮቱ መጨረሻ ምንም አይናገርም፤ በሙሉው 1 ናኖ ሰከንድ ላይ ተለክቶ እንዲቀርብ ማስገደድ ያስፈልጋል።