ለሆቴል ሠራተኞች የቱ ሥልጠና ይሻላል? አዳራሽ፣ ሥራ ላይ ወይስ ቴሌግራም

ጎንደር ላይ ሆቴል ያለው ሰው ሠራተኛ ማሠልጠን ትዝ የሚለው ታኅሣሥ ሲገባ ነው። ጥምቀት ደረሰ ማለት ነው። ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ርካሹ ያሸንፋል። እኔ ግን ከዋጋው በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ አሠልጣኙ ከሄደ በኋላ ምን ይቀራል?

የሁለት ቀን የአዳራሽ ሥልጠና በብዛት ይሸጣል። ለባለቤቱም ይመቻል፦ ቶሎ ያልቃል፣ ፎቶ አለው፣ ሰርተፍኬት አለው። ጣጣው መርሳት ነው። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤቢንግሃውስ በራሱ ላይ ሞክሮ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ መርሳት የሚፈጥነው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት እንደሆነ አሳይቷል። እሱ ያጠናው ትርጉም የሌላቸው ቃላት ስለነበር ቁጥሩን ሆቴል ላይ አልጭንም። አካሄዱ ግን ያው ነው። አዳራሽ የሚያዋጣው ሁሉም በአንድ ቀን መስማት ያለበት ነገር ሲኖር ነው፤ ለምሳሌ የእሳት አደጋ ጥንቃቄ።

ሥራ ላይ የሚሰጠው ሥልጠና ይለያል። አሠልጣኙ በሳምንት አንዴ፣ ለሁለት ሰዓት ያህል፣ ለስድስት ሳምንት ይመጣል። ሠራተኞቹ የተማሩትን እዚያው ይሠሩበታል። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ወረቀት ሳያዩ ይጠየቃሉ። ይህ ጥያቄ ቀላል ነገር አይደለም፤ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒኪ በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ያነበቡትን ለማስታወስ የተፈተኑ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ ደግመው ካነበቡት የበለጠ አስታውሰዋል። ዋጋው ይወደዳል። አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ የሚመላለስ ከሆነማ የአውሮፕላኑና የአልጋው ብቻ ያስደነግጣል፤ እዚሁ ከተማ የሚኖር ፈልጉ።

ይህንንም ቢሆን አለቃው ሊያበላሸው ይችላል። አስተናጋጁ ትእዛዝ ተቀብሎ «የጾም ነው ያሉኝ፣ እንቁላል የለበትም፣ አይደል?» ብሎ እንዲደግም ተማረ እንበል። ሱፐርቫይዘሩ ከኋላ መጥቶ «ምን ታወራለህ፣ ፍጠን እንጂ!» ካለው አለቀ፤ ነገ አይደግምም። ስለዚህ ሱፐርቫይዘሩ ቀድሞ ይሠልጥን። «ሥራ አለብኝ» ካለ ገንዘባችሁን ባታወጡ ይሻላል።

የቴሌግራም ቪዲዮ ርካሽ ነው። ብቻውን ግን ብዙ አይጠቅምም፦ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ሠራተኛው በራሱ ዳታ ማየት አይፈልግም፣ አይቶም ሲሳሳት የሚያርመው የለም። ለማስታወሻ ግን ጥሩ ነው። አልጋ አነጣጠፍ በሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ሲታይ ከወረቀት ይሻላል።

እኔ ብሆን ፒያሳ አካባቢ ላለ ትንሽ ሆቴል ያለማመንታት ሥራ ላይ የሚሰጠውን እገዛለሁ። ብዙ ፈረቃ ላለው ትልቅ ሆቴል ግማሽ ቀን አዳራሽ፣ ቀሪውን ሥራ ላይ።

ውሉ ላይም ተጠንቀቁ። አሜሪካዊው የሥልጠና ምሁር ኪርክፓትሪክ ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥልጠና በአራት ደረጃ እንዲመዘን ጽፏል፦ ወደዱት ወይ፣ ተማሩ ወይ፣ ሥራቸው ላይ አዋሉት ወይ፣ ድርጅቱ ምን አተረፈ። ብዙ አሠልጣኝ የመጀመሪያውን ፎርም አስሞልቶ ይሄዳል። እናንተ ሦስተኛውን ጠይቁ። ከክፍያው የተወሰነውን ያዙና፣ ከወር በኋላ ተመልሶ ሠራተኞቹን ሥራ ላይ ሲያይ ስጡት። በዚህ የማይስማማ አሠልጣኝ ካለ ሌላ ፕሮፎርማ ተመልከቱ።

ኅዳር አጋማሽ ከጀመራችሁ ስድስቱ ሳምንት ከጥር 11 በፊት ያልቃል። ታኅሣሥ ከተጋመሰ ግን አንድ ነገር ብቻ ምረጡ። ትእዛዝ መድገምን፣ ለምሳሌ።