ማክሰኞ ማታ በፐቡ፦ የአንድ ጠቅላላ ዕውቀት ውድድር ግምገማ

ጥያቄው «ከስኮትላንድ ውጭ በዩናይትድ ኪንግደም ውስጥ ከፍተኛው ተራራ የትኛው ነው?» የሚል ነበር። የቡድናችን ጸሐፊ ጠያቂው ዐረፍተ ነገሩን እስኪጨርስ እንኳ ሳይጠብቅ «ስካፌል ፓይክ» ብሎ ጻፈ፤ ከእኛም ማንም አልተቃወመውም። የሁሉም የበላይ የሆነው ቤን ኔቪስ 1,345 ሜትር ከፍታ እንዳለውና ስኮትላንድ ውስጥ እንደሚገኝ ስለምናውቅ፣ ስኮትላንድ ከተነሣች የምትቀረው እንግሊዝ ናት ብለን በልባችን ደምድመን ነበር። ዌልስን ፈጽሞ ረሳናት። ዌልስ ውስጥ ያለው የስኖውደን ተራራ 1,085 ሜትር ሲሆን የእንግሊዙ ስካፌል ፓይክ ግን 978 ሜትር ብቻ ነው። መልሱ በተነበበ ጊዜ ከየጠረጴዛው የተሰማው የቁጭት ድምፅ የተሳሳትነው እኛ ብቻ እንዳልነበርን ነገረኝ፤ ይህን ውድድር ለሌሎች ላስተዋውቅ ይገባል ብዬ የወሰንሁትም በዚያው ቅጽበት ነው።

የምጽፍለት ውድድር በደቡብ ለንደን በሚገኝ አንድ ፐብ (የብሪታንያ መጠጥ ቤት) ማክሰኞ ማታ የሚካሄድ ሲሆን፣ እኔም ካለፈው መስከረም ጀምሮ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሳላቋርጥ ተካፍዬበታለሁ። የቤቱን ስም የማልጠቅሰው ከምስጋናው ጎን የምጽፈው ቅሬታ ስላለ ነው። የፐብ ጥያቄና መልስ በብሪታንያ በስፋት የተለመደው ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ሲሆን፣ ለፐቦች ያለው ጥቅም በሳምንቱ መካከል ገበያ የሚቀዘቅዝበትን ምሽት በሰው መሙላቱ ነው። ስለዚህ ብዙ ቤቶች ውድድሩን እንደ ማስታወቂያ ብቻ ያዩትና ጥያቄውን ከየትም ለቃቅመው ያቀርባሉ። ይህኛው ቤት ከእነዚያ የሚለየው ጠያቂው ጥያቄዎቹን ራሱ የሚያዘጋጅ በመሆኑ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። መግቢያው በሰው ሁለት ፓውንድ ነው፤ አንድ ቡድን ከስድስት ሰው መብለጥ የለበትም፤ ጥያቄው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ይጀምርና አሥር አሥር ጥያቄ ያላቸው አምስት ዙሮች ይካሄዳሉ። በየዙሩ መጨረሻ የመልስ ወረቀት ከጎረቤት ጠረጴዛ ጋር ይለዋወጡና አንዱ የሌላውን ያርማል። የተሰበሰበው የመግቢያ ገንዘብ በሙሉ ለአሸናፊው ይሰጣል።

ስለ ጥያቄዎቹ ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ የአንድ ውድድር ዋጋ የሚለካው በእነርሱ ነውና። በእኔ ግምት ጥሩ ጥያቄ ማለት ከባድ ጥያቄ ማለት አይደለም። «የብሪታንያው ጠቅላይ ሚኒስትር ስፔንሰር ፐርሲቫል የተገደለው በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ የሚያውቅ ያውቃል፣ የማያውቅ አያውቅም፤ በጠረጴዛው ዙሪያ ውይይት የሚባል ነገር አይኖርም። የዚህ ቤት ጠያቂ ግን ያንኑ ጉዳይ «በሥልጣን ላይ እያለ የተገደለው ብቸኛው የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ማን ነው? በ1812 እ.ኤ.አ. በምክር ቤቱ መተላለፊያ አዳራሽ ውስጥ በጥይት ተመትቶ ነው የሞተው» ብሎ ያቀርበዋል። ያን ጊዜ አንዱ የናፖሊዮን ጦርነት ዘመን መሆኑን ያነሣል፣ ሌላው በዘመኑ የነበሩትን ሚኒስትሮች ስም መቁጠር ይጀምራል፣ ሦስተኛው ደግሞ ስሙ በ«ፐ» ይጀምራል ብሎ ይምላል፤ በመጨረሻም መልሱ ከአምስት ሰው ትዝታ ተቀናጅቶ ይወጣል።

ከሰማኋቸው ሁሉ ይበልጥ የወደድሁት ስለ ፖስታ ቴምብር የቀረበው ነው። «በቴምብሩ ላይ የአገሩን ስም የማይጽፍ አገር የትኛው ነው?» ተባልን። እኛ ትንንሽ ደሴቶችን ስንዘረዝር ቆይተን ጊዜው ሊያልቅ ሲል፣ አንዷ ባልደረባችን ከቦርሳዋ ውስጥ ሳትልከው የቀረ ደብዳቤ ትዝ አላትና አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። በቴምብሩ ጥግ የንጉሡ ራስ አለ፤ የአገር ስም ግን የለም። በ1840 እ.ኤ.አ. በሙጫ የሚለጠፈውን የመጀመሪያውን ቴምብር ያወጣችው ብሪታንያ ስለነበረች በጊዜው ራሷን ከማንም መለየት አላስፈለጋትም፤ የገዥው መልክ ብቻ ይበቃ ነበር፤ ልማዱም እስከ ዛሬ ጸንቷል። መልሱ ምሽቱን ሙሉ እግራችን ሥር በተቀመጠው ቦርሳ ውስጥ ነበር።

ሌላው የዚህ ውድድር በጎ ጎን ዕድሜን ከዕድሜ ጋር ማገናኘቱ ነው። «ከየካቲት 1971 እ.ኤ.አ. በፊት በአንድ ፓውንድ ውስጥ ስንት ፔኒ ነበር?» ተብለን ስንጠየቅ እኛ ወጣቶቹ ግራ ተጋባን። ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡት ባልደረባችን ግን እርሳሱን ከጸሐፊው እጅ ወሰዱና 240 ብለው ጻፉ፤ ከዚያም በልጅነታቸው ሱቅ ሲላኩ 12 ፔኒ አንድ ሺሊንግ፣ 20 ሺሊንግ ደግሞ አንድ ፓውንድ እንደነበረ፣ አዲሱ ሒሳብ ሲመጣ እናታቸው ዋጋውን ሁሉ በልባቸው ወደ አሮጌው እየመለሱ ያሰሉ እንደነበር አጫወቱን። በሙዚቃ ዙር ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ የቅርብ ጊዜዎቹን ዘፈኖች የሚለየው ከመካከላችን በዕድሜ ትንሹ ነው። ቡድን ልታቋቁሙ ብታስቡ ስድስት እኩያሞችን አትሰብስቡ።

በሐይቆች ላይ ስለቀረበው ጥያቄ ግን ከጠያቂው ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ በሚገኘው የሐይቆች አውራጃ ውስጥ «ሌክ» (በእንግሊዝኛ ሐይቅ) የሚለውን ቃል በመደበኛ ስሙ የያዘው ባሰንትዌይት ብቻ ነው፤ ዊንደርሚርን ጨምሮ የሌሎቹ ስም በሌላ ቃል ነው የሚጨርሰው። ይህን ሳላውቅ ኖሬ ስላወቅሁት ደስ ብሎኛል። ነገር ግን «በአውራጃው ውስጥ ስንት ሐይቅ አለ?» ብሎ ጠይቆ «አንድ» ማለት ተወዳዳሪውን በቃል ማጥመድ ነው። «ሌክ የሚለውን ስም የያዘው የትኛው ነው?» ቢባል ኖሮ ዕውቀቱ ሳይነካ ወጥመዱ ይቀር ነበር።

የሥዕሉ ዙር የቤቱ ደካማ ጎን ነው። ሐሳቡ ግሩም ነበር፤ ባለፉት አሥርት ዓመታት በእንግሊዝ ባንክ የወረቀት ገንዘብ ላይ የታተሙ ሰዎችን ምስል አሰባስቦ ማንነታቸውን መጠየቅ። አሁን በሥራ ላይ ካሉት ገንዘቦች መካከል በ5 ፓውንዱ ላይ ዊንስተን ቸርችል፣ በ10 ፓውንዱ ጄን ኦስተን፣ በ20 ፓውንዱ ሠዓሊው ተርነር፣ በ50 ፓውንዱ ደግሞ አለን ቱሪንግ አሉ፤ ከቀድሞዎቹም ፍሎረንስ ናይቲንጌልን፣ አዳም ስሚዝንና አይዛክ ኒውተንን አየን። ችግሩ ወረቀቱ ቀለሙ ሊያልቅ በተቃረበ ማሽን የተባዛ መሆኑ ነው። ቻርልስ ዳርዊንና ቻርልስ ዲከንስ ሁለቱም ጢማም ናቸው፣ ሁለቱም በተለያየ ጊዜ በ10 ፓውንድ ላይ ታትመዋል፤ በደረሰን ቅጂ ላይ ሁለቱም ከጢም በስተቀር ጥቁር ጥላ ብቻ ስለነበሩ፣ ከመብራቱ ሥር ወስደን አዟዙረን ብናያቸውም መለየት አልቻልንም። ዳርዊን ራሰ በራ መሆኑን ልንጠቀምበት ሞከርን፤ ግንባሩ ግን ከጥላው ጋር አንድ ሆኗል። ሁለቱን አቀያይረን ጽፈን ሁለት ነጥብ አጣን። ሁለት ፓውንድ የሚያስከፍል ቤት ንጹሕ ቅጂ ማቅረብ አያቅተውም።

ቅሬታዬ ይበልጥ የሚከብደው ግን በንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ጥያቄ ላይ ነው። ጠያቂው «ሄንሪ ስምንተኛ ከስድስቱ ሚስቶቹ ስንቱን ፈታ?» አለና መልሱ ሁለት መሆኑን ነገረን፤ የአራጎኗን ካትሪንና የክሌቭዝዋን አንን ማለቱ ነበር። ይህ የእንግሊዝ ልጆች በትምህርት ቤት የሚሸመድዱት ግጥም ያስተማራቸው መልስ ነው። ከመስኮቱ አጠገብ ያለው ቡድን ግን «አንዳቸውንም አልፈታም» ብሎ ጽፎ ነበርና ተነሥቶ ተከራከረ። ክርክሩም በማስረጃ የቆመ ነበር፤ እነዚያ ጋብቻዎች የፈረሱት በፍቺ ሳይሆን ከመጀመሪያውም ሕጋዊ እንዳልነበሩ በመወሰኑ ነውና፣ በሕግ ዓይን ንጉሡ ከሁለቱ ጋር ተጋብቶ አያውቅም ማለት ነው። ጠያቂው ግን «የጠያቂው ውሳኔ የመጨረሻ ነው» ብሎ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ።

ይህ ደንብ በየፐቡ የታወቀ ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ መልስ ቢያከራክር ውድድሩ እስከ እኩለ ሌሊት አያልቅም። ሆኖም ደንቡ የተሠራው ጨዋታው እንዳይቋረጥ እንጂ ስሕተት እውነት እንዲሆን አይደለም። ነጥቡን ባይሰጣቸው እንኳ ተቃውሟቸው ትክክል መሆኑን በአንድ ቃል ሊመሰክርላቸው ይገባ ነበር። ጥያቄውንም «ሄንሪ ስምንተኛ ካገባቸው ሴቶች የስንቱን አንገት አስቆረጠ?» ብሎ ቢያዘጋጀው በ1536 እ.ኤ.አ. አን ቦሊን፣ በ1542 እ.ኤ.አ. ካትሪን ሃዋርድ ስለተገደሉ መልሱ ያለ ብዙ ክርክር ሁለት ይሆን ነበር። ያ ቡድን ከዚያ ዕለት ወዲህ አልተመለሰም፤ ጠረጴዛው ባዶ በታየኝ ቁጥር ቅር ይለኛል።

ስለ ስልክ ያለው ጥንቃቄ ግን የሚመሰገን ነው። ጥያቄው ሊጀመር ሲል በየጠረጴዛው አንዳንድ ቅርጫት ይዞራል፤ ሁሉም ስልኩን ፊቱን ወደ ታች ገልብጦ ያኖራል። ጠያቂው ማንንም ሳያስቀይም በጠረጴዛዎቹ መካከል እየተዘዋወረ ያነባል፤ በዚህም የኋለኞቹ መቀመጫዎች ድምፁን ከፊተኞቹ እኩል ይሰማሉ።

እኩል ነጥብ ሲመጣ የሚያቀርበው መለያ ጥያቄም የሥራ ፍቅሩን ያሳያል። ባለፈው ወር ከሌላ ቡድን ጋር በ41 ነጥብ እኩል ሆነን ወጣንና የለንደንን ታላቅ እሳት የሚዘክረው ሐውልት ጫፉ ለመድረስ ስንት ደረጃ እንዳለው ተጠየቅን፤ የሚያሸንፈው ወደ ትክክለኛው ቁጥር የቀረበው ነው። እኛ 280 አልን፣ እነርሱ 330 አሉ። መልሱ 311 ነበርና ተሸነፍን። ጠያቂው ግን ቁጥሩን ተናግሮ ብቻ አልተወውም፤ የሐውልቱ ቁመት 202 ጫማ የሆነው በ1666 እ.ኤ.አ. እሳቱ ከተነሣበት ከፑዲንግ ሌን ዳቦ ቤት እስከ ሐውልቱ ያለው ርቀት ያንኑ ያህል ስለሆነ መሆኑን አስረዳን። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ሄጄ ደረጃውን እየቆጠርሁ ወጣሁት።

ለመሄድ የምታስቡ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል በፊት ድረሱ፤ ከዚያ በኋላ የሚገኘው ቦታ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ያለው ብቻ ነው፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር የሳህን ኳኳታ የጥያቄውን ግማሽ ይውጠዋል። የራሳችሁን እርሳስም ያዙ።