ሎምቦክ፦ ጌተሩን ውሰዱ፣ ዳታን ተዉት

አሥር ፕራይቬት (ከክላሱ ውጪ በቀጥታ የማይነካ) ቫሪያብል ያለው የጃቫ ክላስ ጌተር (ዋጋውን የሚሰጥ ሜተድ) እና ሴተር (ዋጋውን የሚቀይር ሜተድ) ሲጻፍለት ሃያ ሜተድ ይሆናል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት። ሎምቦክ የተባለው ነጻ ላይብረሪ ይህን ድካም ያስቀራል። ከክላሱ ወይም ከቫሪያብሉ በላይ የጌተር አኖቴሽን (በ@ የሚጀምር ምልክት) ካስቀመጣችሁ፣ ኮዱ ኮምፓይል ሲደረግ ሜተዱ ራሱ ይገባል። ጌተሩን ፕሮቴክትድ (ለዚያው ፓኬጅና ለወራሽ ክላሶች ብቻ ክፍት) ማድረግም፣ ለአንዱ ቫሪያብል ብቻ ማስቀረትም ይቻላል። እስከዚህ ድረስ ግሩም ዕቃ ነው።

ጣጣው ያለው ዳታ በሚባለው አኖቴሽን ነው። በአንድ መስመር ለሁሉም ጌተር፣ ፋይናል (አንዴ ዋጋ ከያዘ በሌላ የማይተካ) ላልሆኑት ሁሉ ደግሞ ሴተር ያወጣል። የባንክ ሂሳብ ክላስ ላይ ብታስቀምጡት ቀሪ ሂሳቡ ፕራይቬት የሚሆነው በስም ብቻ ነው፤ ከየትም የመጣ ኮድ በሴተሩ -500 ቢያስገባ የሚከለክለው የለም። እንዲህ ላለ ክላስ ጌተር ብቻ ይበቃል። ገንዘቡን የሚነኩት የማስገቢያና የማውጫ ሜተዶች ብቻ ይሁኑ፤ መጠኑ ከ0 መብለጡን፣ ወጪው ደግሞ ከቀሪው አለመብለጡን እዚያው ይፈትሹ፤ ካልሆነ ኤክሴፕሽን (ሥራውን የሚያቋርጥ የስህተት ምልክት) ይወርውሩ። ሴተር የግድ ካስፈለገ ፍተሻውን ጨምራችሁ በእጅ ጻፉት፤ በዚያ ስም ሜተድ ካገኘ ሎምቦክ ሌላ አይጨምርም።

ብዙ ሰው የሚስተው የሊስት ነገር ነው። ጌተሩ የሚሰጠው ቅጂ ሳይሆን ሊስቱን ራሱን ነው። የግብይት ዝርዝሩ ፋይናል ቢሆንም፣ ሴተር ባይኖረውም፣ የተቀበለው ኮድ ክሊር (ባዶ አድርግ) ቢለው ታሪኩ በሙሉ ይጠፋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ጌተሩን በእጅ ጻፉና ከጃቫ 10 ጀምሮ ባለው ሊስት.ኮፒኦፍ ቅጂ መልሱ።

ሃይበርኔት (የጃቫ ኦብጀክትን ከዳታቤዝ ጋር የሚያገናኝ ላይብረሪ) ላይ ደግሞ ደንበኛው ሂሳቦቹን፣ ሂሳቡም ደንበኛውን ከያዘ፣ ዳታ ያወጣቸው ቱስትሪንጎች (ኦብጀክቱን በጽሑፍ የሚገልጹ ሜተዶች) እርስ በርስ ያለማቋረጥ ሲጠራሩ ፕሮግራሙ በስታክ ኦቨርፍሎው (የጥሪዎች ማኅደር ሞልቶ) ይወድቃል። ከአንዱ ወገን ቱስትሪንግ.ኤክስክሉድ ማድረግ ያድናል።

ሎምቦክ የኮምፓይለሩን የውስጥ ክፍል ስለሚነካካ ጃቫን ከማሳደጋችሁ በፊት እሱን አሳድጉ። ከጃቫ 23 ወዲህ አኖቴሽን ፕሮሰሲንግ (አኖቴሽኑን አንብቦ ኮድ የሚያወጣው የኮምፓይል ሥራ) በነባሪ ጠፍቷል፤ ሜቨን (የጃቫ ፕሮጀክት መገንቢያ መሣሪያ) ላይ አኖቴሽንፕሮሰሰርፓዝስ ውስጥ በስሙ ካልገባ «ጌተሩ የለም» የሚል ኤረር ይዘንባል። መረጃ ብቻ ለሚሸከም ክላስ ከጃቫ 16 የጸናው ሪከርድ (የጃቫ የራሱ አጭር የክላስ ዓይነት) ይሻላል፤ ሴተር ጭራሽ የለውም፣ ላይብረሪም አይፈልግም።

ቡድን ውስጥ ለምትሠሩ፦ ፕሮጀክቱ ሥር ሎምቦክ.ኮንፊግ የሚባል ፋይል ፍጠሩና የዳታን ፍላግዩሴጅ (አኖቴሽኑ ሲገኝ ምን እንደሚደረግ የሚወስነውን ቅንብር) ኤረር በሉት። ዳታን የጻፈ ሰው ኮዱ ኮምፓይል አይሆንለትም።