እማዬን ቁጭ ብላ ለሰማችልን ሲስተር

ትናንት እማዬ ከመኝታ ቤት እስከ ሳሎን ብቻዋን መጣች። ወገቧን ሳትይዝ! ዛሬ ሳላመሰግን ማደር አልችልም።

ፓርኪንሰን የሚባለው፣ ሰውነትን የሚያንቀጠቅጥና የሚያግትር የነርቭ በሽታ ከያዛት 6 ዓመቷ ነው። መንቀጥቀጡን ለምደነው ነበር። አምና ግን ወገቧ ያሰቃያት ጀመር። ብድግ ስትል ዓይኗ ይጨልማል፣ ልቧ ድው ድው ይላል። ልቧ ነው ብለን ተሸበርን። ያላንኳኳነው በር የለም። አንዱ ጋ ኩላሊት፣ ሌላው ጋ እርጅና። ራጅ፣ ኢሲጂና ኢኮ የሚባሉት የልብ ምርመራዎች፣ በየሄድንበት ካርድ እንደ አዲስ። ልቧ ደህና ነው ተባልን፣ ተመስገን። ታዲያ ምኗን ነው የሚያማት? የሚመልስልን ጠፋ። አንዱ ሐኪም ተናግራ ሳትጨርስ ማዘዣውን ጽፎ ለእኔ ሰጠኝ። ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። ይህ በሽታ እኮ ድምፅ ያሳንሳል፣ ንግግር ያዘገያል! ያን ቀን ታክሲ ውስጥ አለቀሰች። እስካሁን ከሆዴ አልወጣም።

ከዚያ ጎረቤታችን ቤት ለቤት የምትሠራ ፊዚዮቴራፒስት፣ በአካል እንቅስቃሴ የምታክም ባለሙያ፣ ጠቆመችን። ሲስተር ነው የምንላት። የመጣች ቀን ቡና ተፈልቶ ነበር። ሲኒው እማዬ እጅ ላይ ሲንቀጠቀጥ ልንቀበላት ተነሳን። ሲስተር በእጇ ምልክት ከለከለችን። «ይጠጡ እማማ፣ እኔ አልቸኩልም» አለቻት። እማዬ ጠጣች። ከዚያ ቀስ እያለች የሆዷን ሁሉ አወራቻት።

«ሕመሙ የሚብስብዎት ኪኒኑን ከመውሰድዎ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ይህን ማንም ጠይቆን አያውቅም። ሳምንት ሙሉ ደብተር ላይ ጻፍን። ለካ ወገቧ የሚጠናባት የኪኒኑ ሰዓት ሲቃረብ፣ ሰውነቷ ግትር ሲል ነው። የደም ግፊቷንም ተኝታ ለካቻት፣ አስቁማ 3 ደቂቃ ቆይታ ደገመች። የላይኛው ቁጥር ከ130 ወደ 100 ወረደ፤ ለካ ብድግ ስትል ዓይኗ የሚጨልመው ለዚህ ኖሯል። «ለነርቭ ሐኪሟ አሳዩ፣ ኪኒኑን በራሳችሁ እንዳትነካኩ» ብላ ጽፋ ሰጠችን። ሐኪሟም አይቶ አስተካከለላት። ዝርዝሩ አልገባኝም። እማዬ ግን ሌሊት ተኛች።

አሁን ስትነሳ መጀመሪያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ትላለች። ስፖርቱንም በሳምንት ሁለት ቀን አብረው ይሠራሉ። ሕመሙ ጨርሶ አልጠፋም፤ ቀን ግን ወጥቶላታል።

ፓርኪንሰን ያለበት ሰው ቤታችሁ ካለ እባካችሁ ይህችን ልጅ ጥሯት። ደረት የሚያፍን ነገር ካለ መጀመሪያ ሆስፒታል ሩጡ፣ እሷም የምትለው ይህንኑ ነው። ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች፣ ስልኳን ግን በውስጥ ለጠየቀኝ እሰጣለሁ። ጥሯት ብያለሁ!

ሲስተርዬ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። እማዬ ከአሁኑ ሐሙስ መቼ ነው እያለች ነው። ቡናው ይጠብቅሻል።