ስምንት ወር ከአር ጋር፦ አማርኛዬን ነጥብ ያደረገብኝ ግራፍ

አር (R) የተባለውን ነፃ የስታትስቲክስ ፕሮግራም መጠቀም ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። የምነግራችሁ ግን በአብዛኛው ስለ አንድ ማታ ነው።

በማግስቱ ስብሰባ ነበረን። የወባ ሕሙማንን ቁጥር በየወሩ የሚያሳይ ግራፍ በአር የግራፍ መሥሪያ በጂጂፕሎት 2 (ggplot2) ሠርቻለሁ። ርዕሱም ወራቱም በአማርኛ ናቸው። ስክሪን ላይ ሲታይ ያምራል። ፒዲኤፍ አድርጌ በፍላሽ ይዤ ፕሪንት ላስደርግ ኢንተርኔት ቤት ሄድኩ። ወረቀቱ ሲወጣ አንድም ፊደል የለበትም። ርዕሱ ነጥብ፣ ወራቱ ነጥብ። የተረፉት ቁጥሮቹ ብቻ ናቸው።

ምክንያቱን ያገኘሁት እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነው። አር ካልነገሩት በስተቀር ፒዲኤፍ የሚያወጣው በአሮጌ መንገድ ነው። ያ መንገድ ለአንድ ፊደል አንድ ባይት ብቻ ይሰጣል። በአንድ ባይት ደግሞ ከ256 በላይ ምልክት አይገባም፤ ያውም ለአውሮፓ ፊደላት የተሰናዳ ነው። የእኛ ፊደል በዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት ለኮምፒውተር በቁጥር በተመዘገቡበት መዝገብ) በዋናው ክፍል ብቻ 384 ቦታ አለው። ስለዚህ የማያውቀውን ሁሉ በነጥብ ይተካል። ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፣ አልዋሽም። ግን ሥራውን አያቆምም፤ የተበላሸውን ፋይል አስቀምጦ ዝም ይላል።

በጣም ያናደደኝ ይሄ ነው፦ ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። የአር የመጀመሪያው ሙሉ እትም፣ 1.0.0፣ የወጣው በ2000 ነው። እኛ ቀድመን ደርሰናል!

መፍትሔው አንዲት ቃል ሆና ተገኘች። ግራፉን በጂጂሴቭ (ggsave፣ የጂጂፕሎት ማስቀመጫ ትእዛዝ) ስታስቀምጡ መሣሪያው ካይሮ ፒዲኤፍ (cairo_pdf) ይሁን በሉት፤ ዩኒኮድን የሚያውቀው ሌላኛው የፒዲኤፍ ማውጫ መንገድ ነው። አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ፎንት ኮምፒውተራችሁ ላይ ጫኑና በስሙ ጥሩት። ጥርት ብሎ ይወጣል።

የሚከፈልበትን የስታትስቲክስ ሶፍትዌር የሚሸጥ ሰው ይሄን ቢሰማ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። «ነፃ ነገር እንዲህ ነው፤ የሚከፈልበትን ብትገዛ ኖሮ» ይለኛል። የሚከፈልበትንማ ሞክሬዋለሁ፣ ወንድሜ። ፈቃዱ ያለቀ ቀን የራሴን ሥራ አልከፍት ብሎኛል። በጣም ትንሽ የሆነውን ፒ ቫሊዩ (በእውነት ልዩነት ባይኖር እንዲህ ያለ ውጤት የመገኘቱን ዕድል) ሁሉ 0.000 እያለ ያሳየኝ ነበር። ዜሮ ያልሆነን ነገር ዜሮ ነው ብዬ ለሰው እንዴት ላሳይ? አንዲት ቀለም ለመቀየርም በእያንዳንዱ ግራፍ ላይ በማውስ ስጫን እውል ነበር።

ስለ ወራቱ ደግሞ ልንገራችሁ። ጂጂፕሎት ቃላትን በፊደል ተራ ነው የሚደረድረው። መጀመሪያ ሐምሌ መጣ፣ ቀጥሎ መስከረም፣ ከዚያ መጋቢት። ጥቅምት ወደ መጨረሻ ተገፍቶ ከጥር ጎን ተቀመጠ። በቦታዋ የተገኘችው ጳጉሜን ብቻ ናት። ወባ በሀገራችን ብዙ ቦታ የሚበረታው ከክረምቱ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ወራቱ ሲዘበራረቁ ያ ጉብታ ተቆራርጦ ጠፋ። ግራፉን ያየ ሰው ወባ ወቅት የለውም ይላል። የወራቱን ተራ አንድ ጊዜ ጽፌ ሰጠሁት፤ ጉብታው ወዲያው ብቅ አለ። ከዚያ ወዲህ በየትኛውም ግራፍ ላይ ዳግመኛ አልነካሁትም።

ጳጉሜንም የራሷ ጣጣ አላት። 5 ወይም 6 ቀን ያላትን ወር ከ30 ቀን ወር ጎን ካቆማችኋት በሽታው በድንገት የጠፋ ይመስላል። ስለዚህ ድምሩን ትቼ የቀን አማካይ አወጣሁ። ሁለት መስመር ትእዛዝ ነው የፈጀብኝ።

ሌላው ነገር ደህና ነው። ሰንጠረዡም ፍጥነቱም አላስቸገረኝም።

የታረመው ግራፍ አሁን የቢሯችን ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ባለፈው አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ፊት ለፊቱ ቆማ ጥቅምትን በጣቷ ነካችና «አጎበሩ ከዚህ በፊት መድረስ አለበት» አለች። ማንም አላስረዳትም፤ ራሷ አንብባ ነው።

እኔ ከአር ንቅንቅ አልልም። ግን ይሄን የሚያበጁ ሰዎች አማርኛ አንባቢ ቢኖራቸው አንድ ነገር እለምናለሁ፦ ካይሮ ፒዲኤፍን ሳንጠይቀው የሚመጣ አድርጉልን።